ከዘፈን መካከል የገባ ድራማ፦ የቴአትር ቤት ኃላፊው ሚዛን



የአገራችንን የቴአትር ታሪክ ስናስተምር ከተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» ተነሥተን ከአንዱ ተውኔት ወደ ሌላው እንሻገራለን። ተመልካቹ የመጣው ግን ለምሽቱ ነው። በ1927 ዓ.ም. በመኮንን ሀብተ ወልድ መሪነት የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ሕዝቡን በወረራው ላይ ሲያነሣሣ ንግግርንና ዘፈንን አቀናጅቶ ነበር። ከነጻነት በኋላም፣ እነ እዮኤል ዮሐንስ በጻፉለት በዚያ ቤት፣ ድራማው ከሙዚቃና ከእስክስታ ጋር ጎን ለጎን ኖሯል።

እንዲህ ባለ ድብልቅ ዝግጅት ውስጥ ድራማ በምን ይመዘናል? ለዚህ የሚረዳ ጥሩ የጽሑፍ ማስረጃ ያለው አሜሪካ ነው። ቮድቪል የሚባለው ትርኢት ዘፋኙን፣ አክሮባቱን፣ የሠለጠነውን እንስሳና አጭሩን ድራማ በአንድ ቲኬት ያሳይ ነበር። የኪት ቴአትር ቤቶች ሥራ አስኪያጆች እያንዳንዱ ትርኢት ስንት ደቂቃ እንደፈጀና ሕዝቡ እንዴት እንደተቀበለው በየሳምንቱ ይጽፉ ነበር፤ ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጻፉት ሪፖርቶች ዛሬ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ።

ድራማ ለሥራ አስኪያጁ አስቸጋሪ ነው። ሙሉ መድረክ ይይዛል፤ ስለዚህ ከመጋረጃው ጀርባ የመድረኩ ዕቃ እስኪደራጅ ድረስ አንድ ቀልደኛ ወይም ዘፋኝ ከፊት ቆሞ ሕዝቡን ማቆየት አለበት። የምሽቱ መክፈቻ ቢሆን አይመችም፤ ዘግይቶ የሚገባው ሰው ወንበሩን ሲፈልግ ቃለ ተውኔቱ ይጠፋልና። (ለመክፈቻ የሚሻለው አክሮባቱ ነው፤ ንግግር የለበትም።) ያም ሆኖ ይፈልገዋል፤ እንደ ሳራ በርናርና ኤቴል ባሪሞር ያሉ ስሞች ለቤቱ ክብር ያመጡለታል።

በእኔ ግምት ይህ ሰው ስለ ተመልካቹ ሲናገር ይታመናል፤ ስለ ተውኔቱ ሲናገር ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ጭብጨባው ያነሰው ድራማው ደካማ ስለሆነ ነው ወይስ ከእርሱ በፊት የወጣው ዘፋኝ አዳራሹን ስላሟሟቀው? ይህን ለመለየት ቅደም ተከተሉን ማወቅ ግድ ይላል።

ነገሩ ለአዊ ተማሪ ሩቅ አይደለም። በደርግ ዘመን በየቦታው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ዘፈንን፣ ግጥምንና አጭር ድራማን በአንድ መድረክ ያቀርቡ ነበር። በዚያ መድረክ የቆሙት ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል። በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ ስታገኟቸው የድራማውን ርዕስ ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ከድራማው በፊት ማን ዘፈነ? ዘፈኑ ሲያበቃ ስንቱ ሰው ቁጭ ብሎ ቀረ? ድራማው ይጠር ብሎ ያዘዘው ማን ነበር? በአማርኛ የቀረበውንስ አፉን በአዊኛ የፈታው ተመልካች እንዴት ተከታተለው?