አዳኝ ሲጠብቅ፣ አዳኝ ሲላላ

«መነጽር» የሚለው ቃል ሥሩ ግእዝ ነው። «ነጸረ» ማለት ተመለከተ፣ አተኩሮ አየ ማለት ነው። ዕቃው ስሙን ያገኘው ከመስታወቱ ሳይሆን ከዓይን ሥራ ነው። ዛሬ መነጽር ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ዳዊት የሚደግሙ አረጋውያን አፍንጫቸው ላይ የሚያስቀምጡትን ነው። የዚህች ጽሑፍ ጉዳይ ግን የዚያ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው፣ አዳኝ በአንገቱ የሚያንጠለጥለው ባለ ሁለት ዓይኑ መነጽር፣ በፈረንጅ ስሙ ቢኖኩላር። ከምርጦቹ አንዱን ለመግዛት ዛሬ ከ2,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ያስፈልጋል። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ሲቆጥር ለሚውል እንደ እኔ ላለ የባንክ ሠራተኛ ይህ ዋጋ ጥያቄ ያጭራል። አዳኝ ጠመንጃ ካለው፣ ለማየት ብቻ ይህን ያህል ለምን ይከፍላል? መልሱ ረጅም ታሪክ አለው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቀደመው የአገራችን አደን መነጽር አያሻውም ነበር፤ ክብሩ የሚለካው በቅርበት ነበርና። ዝሆን፣ አንበሳ፣ አውራሪስ ወይም ጎሽ የጣለ ሰው ግዳዩን ከጌታው ፊት ጥሎ ይፎክራል፤ ራሱን ቅቤ ይቀባል፤ ዝሆን ገዳይ ከሆነም ሎቲ በጆሮው ያንጠለጥላል። «ገዳይ» የሚለው ቃል ያን ጊዜ ማዕረግ ነበር። ከሩቅ ሆኖ አውሬ ማየት ማንንም አያስመሰግንም፤ እንዲያውም ከሩቅ አይቶ መመለስ የፈሪ ወግ ነው።

የዚህን አደን መልክ ከጻፉልን አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770 ነበር። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ጎንደርን ለቆ ወደ ሰናር ሲወርድ በቆላው ያየውን የዝሆን አደን በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ተርኮታል። ሁለት ሰዎች በአንድ ፈረስ ይቀመጣሉ፤ እሾህና ቁጥቋጦ እንዳይዛቸው ልብስ የላቸውም። የፊተኛው ዝሆኑን ተጠግቶ ስሙንና የፈረሱን ስም እየጠራ፣ የዝሆኑን አባትና አያት እንደገደለ እየተናገረ ይፎክርበታል። ዝሆኑ ተቆጥቶ ሲዞርበት ፈረሱን እያሽከረከረ ያደናግረዋል። ያን ጊዜ የኋለኛው ከፈረሱ ዱብ ብሎ በሰይፍ የዝሆኑን የቋንጃ ጅማት ይቆርጣል። ሥራው ሁሉ በአንድ ክንድ ርቀት የሚፈጸም ነው፤ አንዲት ስሕተት ነፍስ ታስከፍላለች። ፉከራው ከአደን በኋላ ብቻ የሚሰማ የግብዣ ጌጥ እንዳልነበረ፣ የአደኑ መሣሪያ ጭምር እንደነበረ የምንረዳው ከዚህ ነው።

የሚገርመው፣ ብሩስ ራሱ ከለንደን ሠሪዎች የተገዙ መነጽሮች በጓዙ ይዞ ነበር። ሊፐርሄይ በ1608 በሆላንድ ያስተዋወቀው፣ ጋሊልዮም በ1609 ወደ ሰማይ ያቀናው ዕቃ እስከ ጎንደር ደርሷል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ብሩስ መነጽሮቹን የያዘው ከዋክብትን አይቶ የሥፍራዎችን አቀማመጥ ለመለካት ነበር፤ ለዝሆን አልነበረም። በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ የሩቁን የሚያይ መሣሪያና በቅርብ የሚገድል ሰይፍ ጎን ለጎን ቆመው አልተዋወቁም።

ያስተዋወቃቸው የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው። የጥንቱ መነጽር በአንድ ዓይን የሚታይበት ረጅም ቱቦ ነበር፤ በተራራ ላይ ይዞ ለመሮጥም ለማነጣጠርም አይመችም። በ1854 ጣሊያናዊው ኢግናስዮ ፖሮ ብርሃንን በጠርዛማ መስታወት፣ ማለትም በፕሪዝም፣ አጥፎ የሚመልስበትን ዘዴ አስመዘገበ። በዚህ ዘዴ ቱቦው ያጥራል፤ የተገለበጠው ምስልም ይቃናል። ሐሳቡ በወጉ ሥጋ የለበሰው ግን የየናው ሊቅ ኤርንስት አበ ከካርል ዛይስ ፋብሪካ ጋር ሆኖ በ1894 ባለ ሁለት ዓይኑን የፕሪዝም መነጽር ለገበያ ሲያቀርብ ነው፤ ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ሁለት ዓይን በአንድነት ሲያይ ርቀትን ይለያል፤ ከድንጋይ ፊት የቆመውን ፍየል ከድንጋዩ ይነጥለዋል። አዳኝ ይህን ሲያገኝ ጥበቡ ሁሉ ተለወጠ።

በዚህ አዲስ ጥበብ የመጡት የውጭ አዳኞች የሄዱት ወደ ቆላው ዝሆን ብቻ አልነበረም፤ ከደመና በላይ ወዳሉት ገደሎችም ወጡ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፕል ዋልያን በ1835 ለሳይንስ ካስተዋወቀ ወዲህ ስሜን የብዙዎች ምኞት ሆኖ ነበር። እንግሊዛዊው ፓወል ኮተን በ1899 እና በ1900 ኢትዮጵያን ሲያቋርጥ እስከ ስሜን ዘልቆ ዋልያ አደነ፤ መጽሐፉ በ1902 ታተመ፤ ስሙን የያዘው ሙዚየምም ዛሬ ድረስ በእንግሊዝ ኬንት ውስጥ አለ። ሻለቃ ሜይደን በ1923 ለዚያው ዋልያ ሲል ስሜን ወጥቶ በ1925 መጽሐፍ አሳተመ። በ1908 ደግሞ አይቨር ባክስተን ከአርሲ ደጋ ያደነው እንስሳ ለንደን ደርሶ፣ ሊቁ ሪቻርድ ላይደከር በ1910 «አዲስ ዝርያ» ብሎ መዘገበው። እርሱ የደጋ አጋዘን፣ ኒያላ የምንለው ነው። የአርሲና የባሌ እረኛ ከጥንት የሚያውቀው እንስሳ ለዓለም አዲስ የሆነው በአንድ ጥይት ምክንያት ነው።

ለእነዚህ ሰዎች አደን ማለት በአብዛኛው መቀመጥ ነበር። በገደል ጫፍ ተቀምጦ፣ ማዶውን ሸንተረር ስንጥቅ በስንጥቅ ሲመረምሩ መዋል። አዳኙ የሚፈልገው ማንኛውንም ዋልያ ወይም ማንኛውንም ኒያላ አይደለም፤ ቀንዱ የረዘመ፣ ዕድሜው የገፋ ወንድ ነው። ስለዚህ ከመተኮሱ በፊት ይመርጣል፤ ከመምረጡ በፊት ያያል፤ ያየውንም አብዛኛውን ይተወዋል። በሰይፍ ዘመን ያልነበረ አንድ ነገር እዚህ ላይ ተወለደ፤ አይቶ መተው።

የመነጽሩ ዋጋ ምሥጢርም ያለው እዚሁ ነው። ገዢ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ጊዜ ያቀርባል?» ብሎ ነው፤ ጥያቄው ግን ከግማሽ በላይ አይሄድም። በመነጽሩ ላይ 8×42 ወይም 10×42 ተብሎ ይጻፋል። የፊተኛው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ይነግራል፤ የኋለኛው የፊት መስታወቱን ስፋት በሚሊሜትር። ኋለኛውን ለፊተኛው ብናካፍል ወደ ዓይናችን የሚገባውን የብርሃን ክብ ስፋት እናገኛለን፤ ለ8×42 ወደ 5.25 ሚሊሜትር፣ ለ10×42 ደግሞ 4.2። ኒያላ ከአስታው ጥሻ ብቅ የሚለው ጎሕ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። በዚያ ሰዓት የዓይናችን ብሌን ይሰፋል፤ ሰፊው የብርሃን ክብም የቀንዱን ጠመዝማዛ ከቅርንጫፍ ለይቶ ያሳያል። ከ10 እጥፍ በላይ የሚያቀርበው ደግሞ የእጅን መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላል፤ ዳገት ወጥቶ ለሚያለከልክ ሰው ከጥቅሙ ጉዳቱ ያይላል።

ሁለት መነጽሮች አንድ ዓይነት ቁጥር ተጽፎባቸው አንዱ ከሌላው አሥር እጥፍ ሊወደድ ይችላል። ልዩነቱ ከቁጥሩ ውጭ ነው። ያልተቀባ መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ ከብርሃኑ አራት፣ አምስት በመቶ ያህሉን መልሶ ይጥላል፤ በመነጽር ውስጥ ደግሞ ብዙ ገጾች አሉ። የዛይሱ አሌክሳንደር ስማኩላ በ1935 የፈለሰፈው ስስ ቅብ ይህን ብክነት በእጅጉ ቀነሰ። ዛይስ፣ ላይካና በ1949 የተመሠረተው የኦስትሪያው ስዋሮቭስኪ ኦፕቲክ ዋጋ የሚጠይቁት ለዚህ ቅብ፣ ለመስታወቱ ጥራት፣ ጭጋግ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ተደፍኖ ናይትሮጅን ለተሞላው ገላው ነው። መራጩም መነጽሩን በሱቁ መብራት ሥር ሳይሆን በምሽት ከደጅ ወጥቶ ይፈትነው። ሰማይን ጀርባው ባደረገ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ጠርዝ ከታየ መስታወቱ ቀለም ይበትናል ማለት ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዓይን ከደከመም፣ ቀኑን ሙሉ አይቶ ለመዋል አይሆንም። በአጭሩ፣ የሚከፈለው ለቅርበት ሳይሆን ለብርሃንና ለትዕግሥት ነው።

ይህ ትዕግሥት ግን አንድ ቀን ከጠመንጃው ተለየ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ጠመንጃ በየመንደሩ ሲበዛ የስሜን ዋልያ ቁጥር ክፉኛ ተመናመነ። በ1960ዎቹ ሌስሊ ብራውን፣ በ1968 እና በ1969 ደግሞ የስዊሱ ተመራማሪ በርንሃርድ ኒቨርገልት ወደ እነዚያው ገደሎች ወጡ። የተቀመጡት የቀደሙት አዳኞች ዓይነት ጫፍ ላይ ነው፤ የያዙትም መነጽር ነው፤ ማዶውንም ስንጥቅ በስንጥቅ ተመለከቱ። የፈለጉት ግን ቁጥሩን ነበር። ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት ግልገል። ስሜን በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ወጣ። በ2007 የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅም አደንን በፈቃድ አጥሮታል። ቆጣሪ ባይኖር ኖሮ የሚመዘገብም፣ የሚታጠርም ነገር ባልኖረ።

ቋንቋችን ይህን ታሪክ በአንድ ቃል ቋጥሮ ያስቀመጠው ይመስለኛል። «አዳኝ» ስንጽፍ ፊደሉ አንድ ነው። ደ-ን አጥብቀን ካነበብነው አውሬ የሚያሳድደው ነው፤ አላልተን ካነበብነው ከሞት የሚታደገው ነው። ወረቀቱ አይለያቸውም፤ የሚለየው አንባቢው ነው። መነጽሩም እንዲሁ ነው፤ በእጁ የያዘው ሰው እንዳነበበው ይሆናል። አንዲት ስንኝ ልጨምር፦

ነፍጥ አንዴ ጮኸና ገደሉን ባዶ አስቀረው፤
መነጽር ዝም ብሎ ለነገ አሳደረው።

በእስቴና በጋይንት ሠርግ ላይ ዛሬም ፉከራው ይሰማል። በፉከራው የሚጠሩት ዝሆንና አውራሪስ ግን በእኛ ደጋ ከቃል በቀር የሉም፤ ግጥሙ ከአውሬው ዕድሜ በለጠ። ከመካነ ኢየሱስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቀና ስንል ከ4,000 ሜትር በላይ የቆመው ጉና ይታያል፤ የርብና የጉማራ ወንዞች ምንጭ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የሌለው የጭላዳ ማደሪያ። ያን ተራራ በባዶ ዓይን የሚያይ ጥላ ያያል። አተኩሮ የሚነጽር ግን በሣሩ መካከል የሚንቀሳቀሰውን፣ ልጅ ያዘለውን፣ ቁጥሩ የሚጨምረውን ወይም የሚጎድለውን ያያል። ነገ የእስቴ ልጅ «አዳኝ» የሚለውን ቃል ሲያነብ አጥብቆ ይሁን አላልቶ የሚወስነው ዛሬ በጉና ላይ የምናየውና የምንተወው ነው።