የደሴ ሠፈሮችና ሕንፃዎቻቸው፦ ማንን ለማስገባት ተሠሩ?

የአንድ ከተማ ሕንፃ ሲመረመር ዘወትር የሚቀድመው ጥያቄ «መቼ ተሠራ?» የሚለው ነው። ስለ ደሴ ግን «ማንን ለማስገባት ተሠራ?» ብሎ መጠየቅ ይበልጥ ያስተምራል። ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ በዓላማቸው እጅግ የተራራቁ ሠፈሮችን ጎን ለጎን ይዛለችና።

በትውፊት እንደሚነገረው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1875 ዓ.ም. ግድም በሥፍራው ሰፍረው ሳሉ ባለ ጅራት ኮከብ በመታየቱ ቦታውን «ደሴ» አሉት። የመንግሥት መቀመጫ ያደረጓት ግን ራስ ሚካኤል ናቸው። ቀድሞ መሐመድ ዓሊ ይባሉ የነበሩት እኒህ መስፍን ክርስትና የተነሡት ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሲሆን፣ በ1906 ዓ.ም. ንጉሠ ወሎ ወትግሬ ተብለው ዘውድ ጭነዋል። ያሠሩት የግብር አዳራሽ አይጠየፍ ይባላል። ስሙ በወሎ ምድር ክብደት አለው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እስላምና ክርስቲያን በሚገኝበት፣ ሥጋው ግን በየሃይማኖቱ በሚለይበት አገር፣ ማንንም አልጠየፍም የሚል አዳራሽ ማቆም የፖለቲካ ቃል ነው። እርግጥ ነው፣ በግብር ሥርዓት መኳንንቱ ይቀድማሉ፣ ጭፍራው በተራ ይከተላል፤ አለመጠየፍ ማለት እኩልነት ማለት አልነበረም። ይሁን እንጂ የአዳራሹ ስፋት የታሰበው ብዙ ሰው ለማስገባት ነው። ንጉሡ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ድል ሲሆኑ ያ ግብርም አብሮ ቀረ።

ወደ ደቡብ መውጫ ሸዋ በር ይገኛል። ስሙ ራሱ መንገድን ያመለክታል። በእንዲህ ያለው የገበያ ሠፈር የቤቱ ፊት ሱቅ፣ ጀርባው መኖሪያ ነው፤ ደጁ የሚከፈተው ገንዘብ ለያዘ ሁሉ ነው። ስለ ነጋዴ ቤት የተጻፈው እምብዛም ስለ ሆነ ግን የታሪክ መምህራን ብዙ ጊዜ ዘለው ያልፉታል።

ፋሺስት ኢጣሊያ ደሴን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በቦምብ ደበደበ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል እንኳ አልዳነም። ሚያዝያ 7 ቀን ከተማይቱን ያዘ። ወራሪው በምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ ሁሉ የነጭን ሠፈር ከአገሬው ሠፈር መለየትን የከተማ ፕላን መርሕ አድርጎ ነበር። ፒያሳ የተባለው ሠፈር የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ቃሉ አደባባይ ማለት ሲሆን፣ አደባባዩ ግን ለሁሉ የታሰበ አልነበረም። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴ ከወራሪው እጅ ወጣች፤ የሠፈሩ ስም ግን በሕዝቡ አፍ እንዳለ ቀረ።

ከደሴ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደረስ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። ሜዳው ሰፊ ነው፣ በባቲ በኩል ወደ አሰብ የሚወስደው መንገድም የሚገነጠለው ከዚያ ነው። በመሆኑም በ1970ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተቋቁሞበታል። በዚህ ሕንፃው ረጅምና ወጥ ነው፤ በሩ የሚከፈተው በፈረቃ ሰዓት፣ ለሠራተኛ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ለትምህርት የሚያገለግለው ሕንፃዎቹ ቆመው እስካሉ ድረስ ነው። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው የደሴ ሙዚየም ከተማይቱ በ2014 ዓ.ም. በጦርነት በተያዘች ጊዜ ተዘርፏል። መንገድ ማስፋትም ያለ ጦርነት ያፈርሳል። ስለዚህ የፕላን ባለሙያው ከማፍረሱ በፊት የቤቱን ልክ፣ የበሩን አቅጣጫና የባለቤቱን ሥራ በመዝገብ ቢያሰፍር፣ መምህሩም ተማሪዎቹን አይጠየፍ ወስዶ አዳራሹን በእርምጃ አስለክቶ ስንት ሰው በአንድ ጊዜ እንደሚያስቀምጥ ቢያሳስባቸው፣ የሒሳቡና የታሪኩ ክፍለ ጊዜ በአንድ ቀን ሊጣመር ይችላል።