ከጎንደር ግንብ እስከ ሊማሊሞ

የዛሬው ንግግራችን ስለ ታሪክ ነው። የዳባትና የደባርቅ ሰዎች አገር ጎብኚ የጫነ መኪና ሲያልፍ አይታችኋል። ያ እንግዳ ከሩቅ አገር ድረስ ምን ሊያይ መጣ? የሚያየውንስ ማን ሠራው? ማንስ ደከመበት? እስቲ ከጎንደር ተነሥተን መንገዱን እንከተል።

ጎንደርን ዋና ከተማ ያደረጓት ዐፄ ፋሲል ናቸው። ጊዜው 1628 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በፊት ነገሥታቱ አብዛኛውን ጊዜ ድንኳን እየተከሉ፣ ድንኳን እየነቀሉ ይዘዋወሩ ነበር። ፋሲል ግን በድንጋይና በኖራ ግንብ አሠሩ። ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ፣ የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ፣ ኋላም ዐፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ በየተራ ጨመሩበት። ግንቡ በ1972 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። የነገሥታቱን ስም ሁላችንም እናውቃለን። ድንጋዩን የጠረበው፣ እንጨቱን የተሸከመው ሰው ስም ግን አልተጻፈም። ከግንበኞቹ መካከል ቤተ እስራኤላውያን እንደነበሩበት ይታወቃል። በስማቸው ግን አናውቃቸውም።

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዳባት ደባርቅ ሳይደረስ በመንገዱ ላይ ናት። ከደባርቅ ተራራውን ተሻግረን ጃናሞራ ስንገባ ደግሞ ደረስጌ ማርያምን እናገኛለን። ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሩት ሰሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ናቸው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. የቋራው ካሳ በደረስጌ ጦርነት ውቤን ድል አደረጉ። ወዲያው እዚያችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አቡነ ሰላማ ቀብተዋቸው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ውቤ ባሠሩት ቤት ካሳ ነገሡበት ማለት ነው! በዚያ ጦር ሜዳ የወደቀውን ባላገር ግን ማን ያስታውሰዋል?

ከደባርቅ ትንሽ አለፍ ሲሉ መሬቱ በድንገት ገደል ይሆናል። ቦታው ወልቀፊት ነው። ከሥሩ ያለው ጠመዝማዛ መንገድ ሊማሊሞ ይባላል። መንገዱ የተሠራው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ጣሊያን ወልቀፊት ላይ መሽጎ ነበር። አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ከበቡት፤ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ ስድስት ወር አልፎ ነበር። አዲስ አበባ ደስታ ሲሆን፣ እዚህ ገና ደም ይፈስ ነበር እኮ!

ከዚህ ሁሉ በላይ ተራራው አለ። የሰሜን ተራሮች በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኑ፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዘገቡ። ዋልያ በዱር የሚኖረው እዚህ ብቻ ነው። ታዲያ እርሻውና ግጦሹ እየሰፋ፣ ዋልያው እየሳሳ ሄደ። ስለዚህ በ1989 ዓ.ም. ፓርኩ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ ቀዬውን ለቆ ደባርቅ ሰፈረ። በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ዓለም በዚህ ተደሰተ። ደስ ሊለውም ይገባል። ነገር ግን ገብስ የዘሩበትን መሬትና የአባት የእናታቸውን መቃብር ትተው የወጡት ሰዎችም ዋጋ ከፍለዋል። ይህም ታሪክ ነው። ከዋልያው ታሪክ ጎን ሊጻፍ ይገባዋል።

እንግዲህ ልብ በሉ። እንግዳ የሚያደንቀው ነገር ሁሉ የደከመበት ሰው አለው። የንጉሥን ስም ጸሐፊው ጽፎታል። የግንበኛውን፣ የአርበኛውን፣ ቀዬውን የለቀቀውን ሰው ስም ማን ይጻፍ? ድሮ ብዙ ሰው ፊደል አያውቅም ነበር፤ ሽማግሌው ሲሞት ወሬው አብሮት ይቀበር ነበር። እናንተ ግን ዛሬ መጻፍ ችላችኋል።

ስለዚህ የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። በሰፈራችሁ ያለ አንድ አሮጌ ቤት፣ ድልድይ ወይም መንገድ ምረጡ። አንድ አዛውንት ወይም አንዲት ባልቴት ጠይቁ። ማን ሠራው? መቼ? ማን ደከመበት? መልሱን በሦስት መስመር ጻፉ። የሰውየውን ስም ከነአባቱ አትርሱ። በሚቀጥለው ትምህርታችን እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።