ካርዱና ንድፉ፦ በሊኑክስ ለጌም የሚሆን ግራፊክስ ካርድ የመምረጥ አጭር ታሪክ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ጉባኤ የማይመጥን የዕቃ ገዥ ምክር መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። እኔ ግን የማየው እንደ አንድ የቆየ የታሪክ ጥያቄ ነው፤ ማሽን ስንገዛ ንድፉ አብሮን ይመጣል ወይስ ከሠሪው ዘንድ ይቀራል?

ጥያቄው ለአቃቂ በሰቃ አዲስ አይደለም። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አቃቂን አልፎ ነው። ከዚያም ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ የመለዋወጫ ዕቃዎች ፋብሪካው በተራ መጡ። ከባሕር ማዶ የመጣ ማሽን ጥርሱ ሲሰበር፣ ንድፉ በእጁ የሌለ የብረት ባለሙያ ያለው አማራጭ የተሰበረውን ለክቶ፣ ቅርጹን ገምቶ፣ እንደገና መቅረጽ ብቻ ነው። ይህን ሥራ በዐይናችሁ ያያችሁ ቀጥዬ የምናገረውን በቀላሉ ትረዱታላችሁ።

የከተማችን ወጣት ከከረንቦላና ከጆተኒ ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት ተሸጋገረ፤ በዚያም በጨዋታ እየከፈለ እግር ኳስ ተጫወተ። ፕሌይስቴሽን የታሸገ ሣጥን ስለሆነ ምርጫ አይጠይቅም። ምርጫ የመጣው ወጣቱ የራሱን ኮምፒውተር ሲይዝ፣ በተለይም የምህንድስናና የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪው ለትምህርቱ ሊኑክስን ሲጭን ነው። በእዚሁ ክፍለ ከተማ፣ በቂሊንጦ በሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎቹ የሚማር ወጣት ቀን የሚሠራበትን ማሽን ማታ ሊጫወትበት ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ካርዱን የሠራው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ግድ ይላል።

ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወጣ ሥዕል የማሳየት ጉዳይ ዋና ጭንቀቱ አልነበረም። ብራያን ፖል እ.ኤ.አ. በ1993 ሜሳ የተባለውን የሦስት አቅጣጫ ሥዕል ሶፍትዌር መጻፍ ጀመረ፤ ዛሬም የሊኑክስ ጌም አብዛኛው ሸክም የተጫነው በዚሁ ሥራ ላይ ነው። ነገር ግን ሜሳ ካርዱን እንዲያዝዝ የካርዱን የውስጥ አሠራር ማወቅ ነበረበት፤ ያንን የሚያውቁት ደግሞ ኩባንያዎቹ ብቻ ነበሩ።

ኤንቪዲያ ለሊኑክስ ድራይቨር ሰጠ፤ የሰጠው ግን የታሸገ ነበር። ይሠራል፣ ፈጣንም ነው፤ ሲበላሽ ከኩባንያው በቀር የሚጠግነው የለም። ስለዚህ ኑቮ የተባለውን ድራይቨር የጻፉት በጎ ፈቃደኞች ልክ እንደ ብረት ባለሙያው አደረጉ፤ ካርዱ የሚቀበለውንና የሚመልሰውን እየለኩ ንድፉን ገመቱ። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ከርነሉ ገባ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ በወጡት ካርዶች ላይ ግን ኤንቪዲያ በራሱ የተፈረመ ፈርምዌር መጠየቅ ጀመረ። ከዚህ የተነሣ ኑቮ የካርዱን ፍጥነት ከፍ ማድረግ ተሳነው፤ ጥሩ ካርድ በዝግታ ማርሽ ብቻ እንዲሄድ ተፈረደበት። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2012 በፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ኤንቪዲያን ካጋጠሟቸው ኩባንያዎች ሁሉ የከፋ ብሎ በአደባባይ የተሳደበው ቀደም ብሎ ቢሆንም፣ ቁጣው ከምን እንደ መነጨ ይህ ያስረዳል።

ኤኤምዲ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤቲአይን ገዛ፤ በዓመቱ የካርዶቹን ሰነድ ለሕዝብ መክፈት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤኤምዲጂፒዩ የተባለው ክፍት ድራይቨር የከርነሉ አካል ሆነ። ፍሬው ወዲያው አልታየም፤ ለዓመታት የኤኤምዲ ተጠቃሚ በሊኑክስ ላይ ከኤንቪዲያው ኋላ ነበር። ሚዛኑን የለወጡት ቫልካን እ.ኤ.አ. በ2016፣ የዊንዶውስ ጌሞችን በሊኑክስ ላይ የሚያስኬደው ፕሮቶን እ.ኤ.አ. በ2018፣ እንዲሁም በኤኤምዲ ቺፕ የሚሠራው ስቲም ዴክ እ.ኤ.አ. በ2022 ናቸው። ኤንቪዲያም በዚያው በ2022 የከርነል ክፍሉን ከፈተ፤ ይህ ግን ከቱሪንግ ትውልድ ጀምሮ ላሉት ካርዶች ብቻ ነው።

ወደ እኛ ገበያ ስመጣ ታሪኩ ገንዘብ ይሆናል። አርኤክስ 6600 የተባለው ካርድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ሲወጣ ዋጋው 329 ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 29 ቀን 2024 በፊት በነበረው የ57 ብር ገደማ ምንዛሪ 18,750 ብር ይሆናል፤ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በነበረው የ110 ብር ገደማ ሒሳብ ከ36,000 ብር ይበልጥ ነበር። ቀረጥና ማጓጓዣ ገና አልተነሣም። ተማሪ እንዲህ ያለውን ግዢ በዓመት ሁለት ጊዜ አያደርገውም፤ ውጭ ያለ ወንድም ልኮለት ከሆነም ተመልሶ ለመለወጥ መንገድ የለውም። ብዙዎች ወደ ያገለገለ ዕቃ የሚያዘነብሉት ለዚህ ነው።

ንድፉ የት እንደ ቀረ የሚለው ጥያቄ ኪስ የሚነካውም በያገለገለ ዕቃ ላይ ነው። ጂቲኤክስ 1060 እና 1050 ቲአይ በጊዜያቸው የተወደዱ ካርዶች ነበሩ፤ ኤንቪዲያ ግን 580 ቁጥር ያለው የድራይቨር ትውልድ ለእነርሱ የመጨረሻው መሆኑን አስታውቋል። ከርነሉ እየታደሰ በሄደ ቁጥር የታሸገው ድራይቨር ወደ ኋላ ይቀራል፤ ኑቮም በተፈረመው ፈርምዌር ምክንያት ሊተካው አይችልም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጡ የኤኤምዲ ኤችዲ 7000 ካርዶችን ዛሬም የሚንከባከብ ሰው አለ፤ ንድፉ የተከፈተ ስለሆነ ሌላ ሰው ሊቀጥለው ችሏል። ስለዚህ ያገለገለ ካርድ ለሊኑክስ የሚገዛ ተማሪ ከ1060 ይልቅ አርኤክስ 580ን ቢይዝ እመርጣለሁ። ሲገዛ ግን ስሙን አጥርቶ ያንብብ፤ ለቻይና ገበያ የተሠራው ባለ 2048 ኮሩ 580 በእርግጥ አቅሙ የ570 ነው።

እግረ መንገዴን፦ ኢቴሬም እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2022 በካርድ መቆፈርን ስላስቀረ ብዙ ካርድ ወደ ዓለም ገበያ ፈሷል። በአገራችን የሚሠሩት የቢትኮይን ቆፋሪዎች ግን ለዚያ ሥራ ብቻ የተሠሩ ማሽኖችን ስለሚጠቀሙ፣ ነገ ቢዘጉ ለጌም ተጫዋች የሚተርፍ ካርድ አይኖርም።

ሁለተኛው የእኛ አገር ጉዳይ መብራት ነው። የአቃቂን ወንዝ ውኃ የሚጠቀመውና ከአገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። አርኤክስ 580 ደግሞ ብቻውን 185 ዋት ይጠይቃል። ከውጭ የሚገቡ ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ይህን አይሸከምም፤ ለካርዱ የሚሆን ገመድም የለውም። ለእንዲህ ያለው ማሽን ከማዘርቦርዱ ብቻ 75 ዋት ወስዶ የሚሠራው ጂቲኤክስ 1650 ይሻላል። ኤንቪዲያ ቢሆንም የቱሪንግ ትውልድ ስለሆነ የተከፈተው ክፍል ይደርሰዋል። አርኤክስ 6400 ከዚህም ያነሰ፣ 53 ዋት ብቻ ቢፈልግም፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመር 4 ብቻ ስለሆነ በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ይጎተታል።

የኤኤምዲ ወገን እንደሆንሁ የምትጠረጥሩ ሁለት ነገር ስሙኝ። የማሽን ለርኒንግ ጥናት የሚሠራ ተማሪ ኩዳን ስለሚፈልግ ኤንቪዲያን ቢገዛ አልቃወመውም። ክፍትነትም በሠሪው ፈቃድ ብቻ አይመጣም፤ የኤችዲኤምአይ ፎረም እ.ኤ.አ. በ2024 ኤኤምዲ ለኤችዲኤምአይ 2.1 ያቀረበውን ክፍት ድራይቨር አልፈቀደም። አራት ኬ ስክሪን በ120 ኸርዝ ማስኬድ የሚሻ የኤኤምዲ ተጠቃሚ በዲስፕሌይፖርት ገመድ ቢያገናኝ ይበጀዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከካርዱ ውጭ ነው። ከፕሌይስቴሽን ቤት የወጣው ወጣት ከሁሉ በፊት የሚፈልገው እግር ኳሱን ነው። የኤሌክትሮኒክ አርትስ የእግር ኳስ ጌም ግን ከፊፋ 23 ጀምሮ የያዘው የማጭበርበር መከላከያ ሊኑክስን አይቀበልም፤ በየትኛውም ካርድ ቢሆን አይከፈትለትም። ለዚያ ጌም ዊንዶውስን በሌላ ዲስክ ላይ መጫን አለበት፤ ካርዱን ከመግዛቱ በፊት የዲስኩን ዋጋ አብሮ ቢያሰላ ጥሩ ነው።