ገበጣ በኖኪያ ላይ፦ የማያረጁ ጨዋታዎችና የሚረሱ ሕጎች



የታሪክ መምህር ስለ ቪዲዮ ጌም ለመናገር መቆሙ ከእናንተ መካከል ያስፈገገው እንዳለ አያለሁ። ጥያቄው ግን የታሪክ ጥያቄ ነው። ማሽኑ ከተጣለ፣ ሥዕሉ ከተናቀ በኋላ አንዳንድ ጨዋታ ዛሬም የሚያጫውተው ለምንድን ነው?

ኖኪያ 3310 እ.ኤ.አ. በ2000 ገበያ ላይ ሲውል አራት ጨዋታዎችን ይዞ ነበር። ታላላቆቻችሁ የሚያነሡላችሁ እባቡን ነው፤ እርሱን ታኔሊ አርማንቶ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ለወጣው ኖኪያ 6110 የሠራው ነው። ከእባቡ ጎን ግን ባንቱሚ የሚባል ጨዋታ ነበር። ስልኩ እጄ በገባ ጊዜ ባንቱሚን ለመጫወት የማንም ማብራሪያ አላስፈለገኝም። አምደወርቅ ልጆች ሳለን መሬት ቆፍረን፣ ጠጠር ለቅመን እንጫወተው የነበረው ገበጣ በትንሿ መስኮት ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። አሌክሴይ ፓጂትኖቭ ቴትሪስን እ.ኤ.አ. በ1984 በሞስኮ ሲሠራ የተጠቀመበት ኤሌክትሮኒካ 60 ሥዕል ማሳየት የማይችል ኮምፒውተር ነበር፤ የሚወድቁትን ቅርጾች የሠራቸው በቅንፍ ምልክቶች ነው። ሥዕሉ እንዲህ ድሃ ሲሆን ተጫዋቹን የሚይዘው ሕጉ ብቻ ነው። ገበጣም ከዚሁ ወገን ነው። ጉድጓዱን ዝናብ ቢደፍነው ሌላ ይቆፈራል፤ ጨዋታው የሚኖረው በተጫዋቾቹ አእምሮ ውስጥ ነው።

ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። ባንቱሚ የተመሠረተው ዊሊያም ጁሊየስ ቻምፒየን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1940 ባወጣው ካላህ በተባለ ሕግ ላይ ነው። በካላህ እያንዳንዱ ተጫዋች በዳር ትልቅ ጎተራ አለው፤ ጠጠር ሲታደል ለራስ ጎተራም ይታደላል፤ የመጨረሻው ጠጠር እዚያ ካረፈ ተጫዋቹ ይደግማል። እኛ በምንጫወተው ግን ለጎተራ ማደል የሚባል ነገር አልነበረም፤ የተበላ ጠጠር ከጭን ላይ ይቀመጥ ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አሰላሉን ከሥሩ ይለውጠዋል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ በርካታ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስትና ባለ አራት ረድፍ አለ፤ ባለ ሦስት ረድፉ ከአካባቢያችን ውጭ እምብዛም አይታወቅም። ከስሞቹ አንዱ «ላም ወለደች» ነው፤ ከብት አርቢ ያወጣው ስም ለመሆኑ ምስክር አያሻውም። ስልክ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱን ሕግ፣ ያውም የሩቁን፣ መርጦ ለዓለም አዳረሰ። ዛሬ ገበጣን በስልኩ የሚፈልግ የሰቆጣ ልጅ በአብዛኛው የሚያገኘው ካላህን ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ጨዋታው ጨርሶ ከመጥፋቱ ይልቅ ያሳስባል፤ የጠፋ ነገር ይፈለጋል፣ የተተካ ግን ያለ ይመስላል።

ሰንጠረዥ የደረሰበትን እንመልከት። የአገራችን ሰንጠረዥ በመኳንንት ቤት የተከበረ ነበር፤ ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። ልዩ ሕጉ ወረራ ነው፦ የመጀመሪያው መጣጣል እስኪሆን ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ፣ እያንዳንዳቸው በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። የዛሬ ወጣቶች በኮምፒውተር የሚጫወቷቸውን በቅጽበት የሚካሄዱ የጦርነት ጌሞች ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ሰንጠረዥ ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ከልማድ ወጣ። ሆኖም ተጓዦችና ተመራማሪዎች ሕጉን ስለ ጻፉት፣ ዛሬ አንድ ፕሮግራመር ቢነሣ ወረራውን ሳይቀር መልሶ ሊሠራው ይችላል።

ለዋግ ገበጣ ያንን የሚያህል ጽሑፍ በእጃችን እንዲኖር እሻለሁ። ስለዚህ ለዕረፍት ወደ ሰቆጣ፣ ወደ አምደወርቅ ወይም ወደ ሌላ ቀበሌ የምትሄዱ ተማሪዎች አዛውንቶቹን ይህን ጠይቁልኝ፦ ስንት ረድፍ፣ በረድፉ ስንት ጉድጓድ፣ በጉድጓዱ ስንት ጠጠር፣ እደላው ወዴት እንደሚዞር፣ መቼ እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚያበቃ። በኽምጥኛ የሚጠሩበትንም ስም ጻፉ። ከዚያ አንድ ዙር አብራችሁ ተጫወቱ፤ ሰው ሕጉን ሲናገር የሚዘለውን ሲጫወት ያሳያልና።