ሰንጠረዥ፦ ከቤተ መንግሥት ምንጣፍ እስከ ኮምፒዩተር

ቀይ ጨርቅ ይነጠፋል። በላዩም በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር 64 ቤት ተሰምሮበታል። ቤቶቹ እንደ ፈረንጁ ቼዝ ጥቁርና ነጭ ተብለው አይለዩም። በሁለቱም ወገን 16፣ 16 ጠጠር ይሰለፋል፦ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ። ይህ ሰንጠረዥ ነው፤ የኢትዮጵያ መኳንንት በየአዳራሹ ሲጫወቱት የኖሩት ጨዋታ።

የሰንጠረዥ ዘር ከፋርስና ከዐረቡ ሻትራንጅ ይመዘዛል። ስሙም፣ ፈርዝና ፊል የሚሉት ቃላትም ይህንኑ ይመሰክራሉ። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ አንድ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ ትግራይን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልትም ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ወዳድ እንደነበሩ በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ አስፍሯል (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። እቴጌ ጣይቱም በጨዋታው የተካኑ እንደነበሩ ይነገራል። ከ1935ቱ የጣሊያን ወረራ ወዲህ ግን ጨዋታው እየተረሳ ሄደ። ሕጉ ጨርሶ እንዳይጠፋ ከረዱት ሊቃውንት አንዱ በ1971 ስለ ታሪኩና ስለ ሥርዓቱ ሰፊ ጥናት ያሳተሙት ሪቻርድ ፓንክኸርስት ናቸው።

ሰንጠረዥን ከሌሎቹ ሁሉ የሚለየው አጀማመሩ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ያሻቸውን ያህል ጠጠር፣ በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ አይቶ የራሱን ይለውጣል። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። ከሁለት አንዱ የመጀመሪያውን ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና በተራ መጫወት ይጀመራል። አገዳደሉም ወግ አለው። በደር ወይም በፈረስ ማሸነፍ ብዙ አያስመሰግንም፤ በደካሞቹ በፊልና በፈርዝ ንጉሥን መያዝ ግን ያስጨበጭባል።

እንዲህ ያሉ የቼዝ ዘመዶች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ጃፓን ሾጊ፣ ቻይና ሺያንግቺ፣ ታይላንድ ማክሩክ አላቸው። ዛሬ እነዚህን ጨዋታዎች ከሰው በላይ የሚጫወቱ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አሉ። የሚያስደንቀው ብርታታቸው ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቹ በነፃ የሚታደሉ መሆናቸው እንጂ። አሠራራቸው የተጻፈበት ጽሑፍ ለማንም ክፍት ነው። የፈለገ ያነበዋል፣ ያሻሽለዋል።

ታሪኩን በአጭሩ ለማየት፣ ቶርድ ሮምስታድ የተባለ ኖርዌያዊ በ2004 ግላውሩንግ የተባለ የቼዝ ፕሮግራም ጽፎ ለሕዝብ አወጣ። በ2008 ጣሊያናዊው ማርኮ ኮስታልባ ያንን ወስዶ አሻሻለና ስቶክፊሽ አለው። ስሙ የደረቀ ዓሣ ማለት ነው፤ ዓሣው በኖርዌይ ይዘጋጃል፣ በጣሊያን ይበስላል፣ ፕሮግራሙም እንዲሁ ነው በሚል ጨዋታ የተሰጠ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች ከየአገሩ ጉልበታቸውን ያለ ክፍያ ጨምረውበት ከዓለም ኃይለኞች አንዱ ሆነ። ፈቃዱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ወስዶ ያሻሻለና ለሌላ ያደለ ሰው የተሻሻለውንም ጽሑፍ አብሮ ይስጥ። ይህ ባዶ ቃል አይደለም። በ2021 የስቶክፊሽ ጸሐፊዎች ፈቃዱን ጥሷል ያሉትን አንድ ኩባንያ በጀርመን ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ጉዳዩ በ2022 በስምምነት አለቀ።

ከዚሁ ከስቶክፊሽ ፌሪ ስቶክፊሽ የተባለ ልጅ ተወለደ። ይህ ፕሮግራም በርካታ የቼዝ ዘመዶችን ያውቃል። ያላወቀውንም ያስተምሩታል፤ የሰሌዳውን ስፋት፣ የእያንዳንዱን ጠጠር አካሄድና የማሸነፊያውን ደንብ በአንዲት ቀላል ፋይል ላይ መጻፍ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ዕውቀቱም ከትንሹ ወደ ትልቁ ይሄዳል። ዩ ናሱ የተባሉት ጃፓናዊ በ2018 ለሾጊ የፈለሰፉት የማመዛዘኛ ስልት በ2020 ወደ ስቶክፊሽ ገብቶ የፈረንጁን ቼዝ ፕሮግራም እጅግ አበረታው። የአንድ አገር ጨዋታ ለዓለም ሁሉ መምህር ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ሰንጠረዥስ? ግማሹ መንገድ ተጠርጓል። ፈርዝ አንድ ቤት በሰያፍ፣ ፊል ሁለት ቤት ዘሎ የሚሄዱበት አካሄድ የሻትራንጁ ነው፤ ሻትራንጅን ደግሞ ፌሪ ስቶክፊሽ አስቀድሞ ያውቀዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው መበላላት በኋላ ያለው ጨዋታ ለኮምፒዩተሩ እንግዳ አይሆንም።

ችግሩ ወረራው ላይ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስቡት በተራ ነው፤ «እኔ ይህን ባደርግ እሱ ያንን ያደርጋል፣ እኔም መልሼ…» እያሉ ነው የሚቆጥሩት። ተራ በሌለበት ይህ ስሌት የሚጨብጠው ያጣል። የእጅ ፍጥነት፣ የባላጋራን ዓይን ማንበብ፣ መቼ ቆሞ መቼ መምታት እንደሚገባ ማወቅ በዚያች ፋይል ላይ አይሰፍርም። ኢትዮጵያዊው ክፍል ከማሽኑ ውጭ ይቀራል፤ ከፋርስ የመጣው ክፍል ይገባል።

ቢሆንም በሩ አልተዘጋም። ጽሑፉ ክፍት ስለሆነ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ወረራን የሚያሰላ ክፍል ልጽፍ የሚል ወጣት አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን ሊነሣ ይችላል። ግን ያልተጫወቱትን ለማሽን ማስተማር አይቻልም። ስለዚህ አስቀድሞ ጨርቁን ማንጠፍ፣ ጠጠሩን መደርደርና ከሚያውቁ ሽማግሌዎች እግር ሥር መቀመጥ ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ሕጉን ይጠብቅ ይሆናል፤ ወጉን የሚጠብቀው ግን ተጫዋቹ ነው።