ያገለገለ የባስ ጀልባ ልትገዙ ነው? ባለቤቶቹ የሚሉትን ስሙ

በውስጥ መስመር ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፦ «እኔና ጓደኞቼ አዋጥተን ያገለገለች የአሳ ማጥመጃ ጀልባ ልንገዛ ነው፤ ምን ምን እንይ?» ጥያቄው በብዛት የሚመጣው ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ነው፤ ከዳላስም አለ። አይገርምም። የፖቶማክ ወንዝ ለዲሲ ልጆች ደጃፋቸው ላይ ነው፣ ከዳላስ በስተምሥራቅ ያለው ሌክ ፎርክ ደግሞ በትልልቅ ባስ ስሙ የወጣ ሐይቅ ነው። ስለዚህ በነዚህ ጀልባዎች ባለቤቶች ዘንድ ተደጋግሞ የሚነሳውን፣ የሚስማሙበትንም የሚከራከሩበትንም፣ ሰብሰብ አድርገን ይዘን ቀርበናል።

ባስ ማነው? ቆሮሶና አምባዛ ለምናውቅ ሰዎች፣ ባስ መነሻው ሰሜን አሜሪካ የሆነ፣ ትናንሽ አሳዎችን እያደነ የሚበላ የወንዝና የሐይቅ አሳ ነው። ለስፖርት የሚያጠምዱት አብዛኞቹ ይይዙታል፣ ፎቶ ይነሱና መልሰው ይለቁታል። (አዎ፣ «ታዲያ ለምን ያዙት?» የሚል ወላጅ በየቤቱ አለ።)

የባስ ጀልባ ለዚህ ሥራ ተብላ የተሠራች ናት። ዝቅ ያለች፣ ፈጣን፣ ከፊትም ከኋላም ቆሞ የሚወረወርበት መድረክ ያላት፣ የተያዘው አሳ በሕይወት የሚቆይበት ገንዳ የተገጠመላት ናት። አፍንጫዋ ላይ ደግሞ አሳውን ሳያስደነግጥ ቀስ አድርጎ የሚወስዳት በባትሪ የሚሠራ ትሮሊንግ ሞተር አለ። በፈረንጆቹ 1948 ስኪተር የመጀመሪያዋን አወጣ፤ ሬንጀር በ1968 አርካንሳስ ውስጥ ተከተለ፤ በ1978 ደግሞ ትራከር ጀልባውን፣ ሞተሩንና ተሳቢውን በአንድ ዋጋ ጠቅልሎ መሸጥ ጀመረ። ዛሬ ትልቅ የፋይበርግላስ ባስ ጀልባ በአዲስነቱ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ሊጠየቅበት ይችላል። ያገለገለው ገበያ የደራው ለዚህ ነው።

ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ባለቤቶቹ ብዙም የማይከራከሩበት ነገር ቢኖር ገንዘቡ ያለው ሞተሩ ላይ መሆኑን ነው። ከ200 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው አዲስ ሞተር ብቻውን ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ስለዚህ «በ12 ሺህ አገኘኋት» ያላችኋት ጀልባ ሞተሯ ከሞተ ሂሳቡ 32 ሺህ ይገባል። በዚያ ብር ደህና ጀልባ ትገዙ ነበር። የሚያብረቀርቅ ቀለም፣ አዲስ ወንበር፣ ያማረ ምንጣፍ፣ ሁሉም ከዚህ በኋላ ነው።

ሞተሩ እንዴት ይታያል? ከመሄዳችሁ በፊት ለሻጩ «እስክመጣ እንዳታስነሳው» በሉት። ደርሳችሁ ሞተሩ ሞቆ ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ፤ ሲቀዘቅዝ አልነሳም የሚል ሞተር ከሞቀ ብዙ ጊዜ ችግሩን ይደብቃል። ደረቅ መሬት ላይ የሚነሳ ከሆነ የውሃ ቱቦ ካልተገጠመለት በስተቀር እንዳታስነሱት፣ የሚያቀዘቅዘው ውሃ ነውና። ሲነሳ ከጎኑ ቀጭን የውሃ ጅረት መውጣት አለበት። ካልወጣ ውሃ የሚስበው የጎማ ክፍል ሳይቀየር ከርሟል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ዕቃው ርካሽ ነው፣ ችላ ከተባለ ግን ሞተሩን ያቃጥለዋል።

ቀጥሎ ካንዴላዎቹ ተፈተው የእያንዳንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ይለካ። ቁጥሮቹ መቀራረብ አለባቸው፤ አንዱ ከሌሎቹ ከ10 በመቶ በላይ ዝቅ ካለ አመስግናችሁ ሂዱ። ከታች፣ ፕሮፔለሩ ጋ ያለው የካምቢዮ ዘይት ትንሽ ይውጣና ይታይ። ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። እንደ ሚኒሶታ ባለ ብርዳም ስቴት ደግሞ ያ ውሃ ክረምት ላይ በረዶ ይሆንና ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ይሄን ሁሉ ራሳችሁ ማድረግ ካልቻላችሁ የጀልባ መካኒክ ክፈሉና ይዛችሁ ሂዱ። የመኪና መካኒክ የሆነው የአጎታችሁ ልጅ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ግን ሌላ ሙያ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ። አንድ የ2008 ሞተር 90 ሰዓት ብቻ ሠርቷል ተብሎ ለሽያጭ ቢወጣ ግማሹ ባለቤት «ዕድለኛ ናችሁ» ይላል፤ ሌላው «ኧረ ተጠንቀቁ» ይላል። የሁለተኞቹ ሐሳብ ለኛ ሚዛን ይደፋል። ዓመታት የቆመ ሞተር ማሸጊያ ጎማዎቹ ይደርቃሉ፤ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ከርሞ እርጥበት ይስብና የነዳጅ መስመሩን ያበላሻል። በየዓመቱ ተነድቶ፣ በየዓመቱ ዘይቱ የተቀየረ 500 ሰዓት ሞተር ደረሰኙ ካለ የተሻለ ሊሆን ይችላል። አዳዲሶቹ ሞተሮች የሠሩበትን ሰዓት በኮምፒውተር ይመዘግባሉ፣ በምን ፍጥነት እንደሠሩ ጭምር። መካኒኩ አንብቦ ያሳያችኋል፤ ሻጩ የሚነግራችሁን ብቻ አትመኑ።

ሌላው ጭቅጭቅ ባለ ሁለት ምት ነው ባለ አራት ምት? የሚለው ነው። ባለ ሁለት ምቱ ቀላልና ፈጥኖ የሚነሳ ነው ብለው የሚሟገቱለት አሁንም አሉ። ባለ አራት ምቱ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ቤንዚንም ይቆጥባል። ኤቪንሩድ የሚል ካያችሁ ግን አንድ ነገር እወቁ፦ አምራቹ ቢአርፒ በ2020 እነዚህን ሞተሮች መሥራት አቁሟል። የመለዋወጫ አቅርቦቱ እንደሚቀጥል ያኔ ተናግሯል፣ ሆኖም ዋጋ ስትደራደሩ ይሄን ማንሳት መብታችሁ ነው። ለመሸጥ ስትነሱ የሚቀጥለው ገዢም ያነሳባችኋል።

ከሞተሩ ቀጥሎ የሚያስለቅሰው የኋላ ግድግዳው ነው፤ ትራንሰም ይሉታል፣ ሞተሩ የሚታሰርበት። በብዙ የድሮ ጀልባዎች ውስጡ እንጨት ነው። በብሎኖቹ ቀዳዳ ውሃ ከገባ እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። ሞተሩን ከታች ይዛችሁ ወደላይና ወደታች ወዝወዝ አድርጉት። ግድግዳው አብሮ ከተንቀሳቀሰ ጨዋታው አልቋል። በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ዙሪያውን ምቱት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ጥሩ ነው፣ የታፈነ ድምፅ ጥሩ አይደለም። ወለሉ ላይም ተራመዱ፤ የሚሰረጉድ ቦታ ካለ እንደዚያው ነው። ይሄን ማስጠገን ብዙ ጊዜ ከርካሽ ጀልባ ዋጋ ይበልጣል።

ፋይበርግላስ ወይስ አሉሚኒየም? ማዕበል ላይ ፋይበርግላስ ይለሰልሳል፣ ይፈጥናልም፤ ግን ከባድ ነው። ባለ 20 ጫማዋ ከነተሳቢዋ ብዙ ጊዜ ከ3 ሺህ 500 ፓውንድ በላይ ትመዝናለች። ራይድ የምትሠሩባት ፕሪየስ አትጎትታትም። አሉሚኒየም ቀለል ይላል፣ ድንጋይ ላይ ብትነካ አትሳቀቁም፣ ለጀማሪም ይመከራል፤ ነፋስ ሲነሳ ግን ታንቀጠቅጣለች። ብሎኖቿና ብየዳዋ እንዳያፈስ ውሃ ሞልታችሁ ከስር ማየት ትችላላችሁ። እኛን ብትጠይቁን ለመጀመሪያ ጀልባ አሉሚኒየም እንላለን።

አፓርታማ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ማቆሚያውን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ግቢዎች ጀልባ አያስቆሙም፣ የወር ኪራይ ይመጣባችኋል።

ተሳቢውን ብዙ ሰው አያየውም፣ መንገድ ላይ የሚያስቀራችሁ ግን እሱ ነው። ኩሽኔታው፣ ፍሬኑ፣ መብራቱ ይታይ። ጎማው ላይ አራት አሃዝ ተጽፏል፤ 2317 ከሆነ በ2017 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ዕድሜው ከሄደ ይቀየር። አሳ ጠቋሚ ስክሪኖች? ሻጩ «3 ሺህ ዶላር አውጥቼባቸዋለሁ» ይላል። እንደ ስልክ አስቡት፤ የስድስት ዓመት ስልክ ስንት ትገዛላችሁ? ትሮሊንግ ሞተሩ ባለ 36 ቮልት ከሆነ ሦስት ባትሪ ይፈልጋል፤ ያረጁ ከሆነ ሂሳቡ ውስጥ አስገቡት።

ወረቀቱ። እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚበላው። ጀልባ እንደ መኪና ሻንሲ ቁጥር አለው፤ ከ1972 መጨረሻ ወዲህ የተሠራ ሁሉ 12 ፊደልና ቁጥር በኋላ ግድግዳው ቀኝ በኩል ተቀርጾበታል። እሱ ታይትሉ ላይ፣ ማለትም ሊብሬው ላይ፣ ካለው ጋር አንድ ፊደል እንኳ መለየት የለበትም። የተሳቢው ቁጥር የብቻው ነው። ቴክሳስ ውስጥ ሞተሩም የራሱ ታይትል አለው፤ ጀልባውን ብቻ አዛውራችሁ እንዳትመጡ። የባንክ ዕዳ ካለበት ዕዳው ሳይዘጋ ሙሉ ክፍያ አትክፈሉ። «ሌላ ሰው ሊወስዳት ነው፣ በዜል 500 ላክልኝ» የሚላችሁን ደግሞ አትላኩለት። ያላያችሁት ጀልባ ላይ ቀብድ የለም።

አዋጥታችሁ ለምትገዙ፣ በተለይ ዕቁብ ደርሷችሁ፦ በበርካታ ስቴቶች ታይትሉ ላይ በስሞቻችሁ መሃል «ኤንድ» ከተጻፈ ለመሸጥ የሁላችሁም ፊርማ ያስፈልጋል። «ኦር» ከሆነ አንዱ ብቻውን ሊሸጣት ይችላል። ወዳጅነታችሁን ባንጠራጠርም «ኤንድ» ይሻላል።

ሁሉም ጥሩ ከሆነ ውሃ ላይ ሳትነዷት አትክፈሉ። ሻጩ እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው። ሙሉ ፍጥነት ላይ ሞክሯት፣ የአሳ ገንዳው ፓምፕ ይሥራ፣ ከሆዷ ውሃ የሚያወጣው ፓምፕም ይታይ፣ ስትመለሱ ውስጧ ውሃ መኖሩን እዩ። መሪውን ግን በመጀመሪያው ቀን ለሚያውቅ ሰው ስጡ። ባለ 250 የፈረስ ጉልበቷ በሰዓት እስከ 70 ማይል ትሄዳለች፣ ፍሬን የላትም፤ በዚያ ፍጥነት ከጎን ወደ ጎን መወዛወዝ ስትጀምር ልምድ የሌለው ሰው ይገለብጣታል። ከ20 ጫማ በታች ያለች ጀልባ ላይ የሚለጠፈውን ሰሌዳም አንብቡ፤ ስንት ሰውና ስንት የፈረስ ጉልበት እንደምትችል ይነግራችኋል። ከዚያ በላይ ሞተር የተጫነባትን አንዳንድ ኢንሹራንስ አይቀበላትም።

ግብሩ በሜሪላንድ 5 በመቶ፣ በቨርጂኒያ 2 በመቶ፣ በቴክሳስ 6.25 በመቶ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ 10 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ሞተር ያለው ጀልባ የሚነዳ ሰው የደህንነት ኮርስ መውሰድ አለበት፤ ሜሪላንድ ከሐምሌ 1972 ወዲህ የተወለደን ሁሉ ይጠይቃል፤ ቴክሳስ ደግሞ ከመስከረም 1993 ወዲህ የተወለዱትን። ኮርሱ በስልካችሁ ይወሰዳል። ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ ደግሞ ከ26 ጫማ በታች ያለ ጀልባ እየፈጠነ ሲሄድ ነጂው ሞተር ማጥፊያውን ገመድ ሰውነቱ ላይ ማሰር በፌዴራል ሕግ ግዴታ ነው። ነጂው ከወደቀ ሞተሩ ይጠፋል። ገመዱ ጀልባዋ ላይ ከሌለ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁት፤ ላይፍ ጃኬቶቹንም አብሮ ይስጣችሁ።